ጥቁር ቸኮሌት በቀን 50 ግራም? አንድ ጥያቄ፣ 27 መልስ

ጥያቄው በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የተጻፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጠያቂዋ በስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ምክር ይዛ መጣች፦ በጾሙ ወቅት በቀን ግማሽ ጥቅል፣ ማለትም 50 ግራም፣ ባለ 70 በመቶ ጥቁር ቸኮሌት የበላ ሰው የደም ግፊቱ ይወርድለታል፤ ብረት ስላለው ደሙ ይሞላል፤ ወተት ስለሌለው ጾሙም አይፈርስም። ቸኮሌቱ ከዱባይ በሻንጣ ሊመጣ ነውና ከመታዘዙ በፊት ከሦስቱ የቱ እውነት እንደሆነ በቁጥር ንገሩኝ አለች። ይህ ‹በቁጥር› ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደረውን ውይይት፣ አስረዘመውም፣ አዳነውም። መርቀው የሚያልፉት ጥቂት ሆኑ፤ ካልኩሌተር ይዘው የመጡት በዙ። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አስከትላለሁ፤ ፍሬ የሌላቸውን በአንድ መስመር አልፋቸዋለሁ።

1ኛው አጭርና ጨዋ ነው። ምክሩ በመሠረቱ ልክ ነው፣ ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ ውስጥ ያለው ፍላቫኖል የሚባል ንጥረ ነገር የደም ሥርን ያላላል፣ 50 ግራም ግን በዝቷል፣ 30 ይበቃል ይላል። ከየት እንዳገኘው አልተናገረም።

2ኛው ምንጩን አመጣው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣውን ግምገማ ጠቀሰ፦ 35 ሙከራዎች፣ 1,804 ተሳታፊዎች፣ ከ2 እስከ 18 ሳምንት የቆዩ። ካካዎ የወሰዱት ሰዎች የላይኛውም የታችኛውም ግፊታቸው በአማካይ 2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ወርዷል። የላይኛው ግፊት ቀድሞ ከፍ ያለባቸው ላይ ወደ 4 ይደርሳል፤ ግፊታቸው ደኅና የሆነው ላይ ግን 1 እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ ያስገባት መስመር ናት ነገሩን ያስነሣችው፦ በነዚያ ሙከራዎች በቀን የተሰጠው ፍላቫኖል በአማካይ 670 ሚሊ ግራም ነው፤ ሱቅ ያለው ቸኮሌት ደግሞ ስንት ፍላቫኖል እንዳለው ማሸጊያው ላይ ብዙውን ጊዜ አይጻፍም።

3ኛዋ የሕክምና ባለሙያ መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። 2 ሚሊ ሜትር የሚያህል ለውጥ በሺህ ሰው አማካይ ላይ ይታያል እንጂ በአንድ ሰው ክንድ ላይ በቤት መለኪያ አይታይም፤ ደረጃ ወጥቶ ወዲያው የተለካና አርፎ የተለካ ሰው ከዚያ በብዙ ይለያያል አለች። የምር ለውጥ መኖሩን ማየት ለሚፈልግ አለካኩን አስቀመጠች፦ ከመለካቱ 30 ደቂቃ በፊት ቡናም ቸኮሌትም አይቀመስም፤ ሽንት ቤት ተገብቶ ይመለሳል፤ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይቆላለፍ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካል። ይህ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ይደረግና የመጀመሪያው ቀን ተጥሎ የቀረው አማካይ ይወሰዳል። የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው በቸኮሌት ተማምኖ ክኒኑን ቢያቆም የሚያጣው ከ2 ሚሊ ሜትር እጅግ ይበልጣል ብላ ዘጋች።

4ኛው ከግፊት ወደ ልብ ወሰደው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገውና ውጤቱ በ2022 የታተመው ኮስሞስ የተባለ ሙከራ 21,442 ሰዎችን ነው የያዘው፤ ወንዶቹ 60፣ ሴቶቹ 65 ዓመት የሞላቸው። ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል ያለበት እንክብል፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ወስደው ለ3.6 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። የልብና የደም ሥር አደጋዎች ድምር በ10 በመቶ አነሰ፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ዓይነት ነው። በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት በ27 በመቶ አነሱ፤ ይህ ደግሞ ሙከራው የተነደፈበት ዋና መለኪያ አይደለም። መላሹ ሁለት ጊዜ ደግሞ ያሰመረበት ነገር አለ፦ የተሰጣቸው እንክብል ነው፤ ስኳርም የካካዎ ቅቤም የለበትም። ቸኮሌት የበላ ሰው ውጤቱን ወደ ራሱ ጥቅል ሊያዞረው አይችልም።

5ኛው ጥናቱን ቸኮሌት ሻጩ ማርስ ነው የከፈለበት፣ ስለዚህ ቅርጫት ውስጥ ይጣል አለ። ጨዋነቱ እዚህ ላይ ሳሳ። 6ኛዋ ጠበቅ አድርጋ መለሰችለት፦ ኩባንያው እንክብሉን መስጠቱና ከፊል ገንዘብ መክፈሉ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ሙከራውን የመሩት ግን ቦስተን የሚገኘው የብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ናቸው፤ ማን ምን እንደሚወስድ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቁም። ገንዘብ ውጤት የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ዋናው መለኪያ እንዲህ ደካማ ሆኖ ባልወጣ ነበር። 5ኛው ላይ የጨመረችው ሽሙጥ ባይጨመርም ነገሩ ይቆም ነበር።

7ኛው ለመጠርጠርስ እንዲህ ዓይነቱ ይጠረጠራል ብሎ የ2015ቱን ነገር አነሣ። ጆን ቦሃነን የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ ጀርመን ውስጥ ከፊልም ሠሪዎች ጋር ሆኖ ቸኮሌት ክብደት መቀነስን ያፋጥናል የሚል ጥናት ሆን ብሎ አሳተመ። ሙከራው እውነተኛ ነው፤ ሰዎቹ ግን 15፣ የተለኩት ነገሮች 18። በ15 ሰው ላይ 18 ነገር የለካ አንዱ በአጋጣሚ ‹ሠርቶ› በቀላሉ ሊገኝለት ይችላል። ጋዜጦች ሳይጠይቁ አራገቡት፤ ቆይቶ ራሱ ወጥመድ እንደነበር ጻፈ። መላሹ ከዚህ የወሰደው መለኪያ ቀላል ነው፦ ጥናት ሲጠቀስልህ መጀመሪያ ስንት ሰው፣ ቀጥሎ ስንት ነገር ተለካ ብለህ ጠይቅ።

ከዚህ በኋላ የመጣው 8ኛው በእኔ ሚዛን የክሩ ምርጥ መልስ ነው፤ ሰውየው የካካዎን ሥራ ከእጁ ያውቀዋል። ጥቁር የሚለው ቃል ሰውን ያታልላል፣ ቀለምና ፍላቫኖል ብዙ ጊዜ በተቃራኒ ነው የሚሄዱት ብሎ ጀመረ። ፍሬው ከዛፉ ሲወርድ በፍላቫኖል የተሞላ ነው፤ አፍ የሚያደርቀው መራራነት ከዚያ ነው የሚመጣው። ሲቦካ ይቀንሳል፤ ሲቆላ ይቀንሳል። ቡና የሚቆላ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጠቆር ባለ ቁጥር ከፍሬው የነበረው ይጠፋል፣ የምጣዱ ይገባል። ትልቁ ቅነሳ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቫን ሆውተን የተባለው የሆላንድ ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዘመን ካካዎን በፖታሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም በአልካሊ፣ ማከም ጀመረ። ኮምጣጣነቱ ይሞታል፣ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይበተናል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ፍላቫኖሉም አብሮ ይሄዳል።

ቁጥሩንም አመጣ። በ2008 የታተመ የላቦራቶሪ ልኬት እንደሚያሳየው አልካሊ ያልነካው የካካዎ ዱቄት በግራም በአማካይ 34.6 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል አለው። በትንሹ የታከመው 13.8፣ በመካከለኛ የታከመው 7.8፣ በብዛት የታከመው 3.9። በጣም ጥቁር የሆነው፣ ዐይን የሚስበው ዱቄት፣ ከፈዛዛው ዘጠኝ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው ማለት ነው። ከጥቅል ቸኮሌትም አንዳንዱ የሚሠራው ከዚሁ ከታከመ ካካዎ ነው።

9ኛዋ ታዲያ በምን ይለያል ብላ ጠየቀች። 8ኛው ተመልሶ በ10ኛ ቁጥር መለሰ፦ ማሸጊያው ላይ ከካካዎ ቀጥሎ አልካሊ የሚል ቃል ወይም የአሲድ መጠን ማስተካከያ ተብሎ ኢ 500 ወይም ኢ 501 ካለ የታከመ ነው። ጽሑፍ ከሌለ ዱቄቱን ማየት ነው። ያልታከመው ፈዘዝ ያለ፣ ቀይ ወይም ቢጫ የሚመታው ቡናማ ነው፤ ምላስ ላይ ይኮመጥጣል። የታከመው ወደ ከሰል ያደላል፤ ጣዕሙ ልስልስ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ዱቄት ላይ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጣል ሲደረግ ያልታከመው አረፋ ያወጣል፣ የታከመው እምብዛም ነው፤ አንዱ አሲድነት አለው፣ ሌላው ቀድሞ ሞቷልና። በዚሁ ምክንያት በሶዳ ብቻ የሚነፋ ኬክ በታከመ ዱቄት ሲጋገር ጠፍጣፋ ይወጣል፤ ለእሱ ቤኪንግ ፓውደር ነው የሚሄድለት። 

11ኛው መቶኛውን ያዘ። 70 በመቶ ማለት የተፈጨው ካካዎና ተጨማሪው የካካዎ ቅቤ ተደምረው ማለት ነው። አንዱ ኩባንያ 60 በመቶ የተፈጨ ካካዎ ላይ 10 በመቶ ቅቤ፣ ሌላው 45 ላይ 25 አድርጎ ሁለቱም 70 ብለው ይጽፋሉ፤ ፍላቫኖል ያለው ቅቤው ላይ አይደለም። መቶኛው በርግጠኝነት የሚነግረን ስኳሩን ነው፤ ከ100 ላይ ሲቀነስ የሚቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ስለዚህ ባለ 70ው 50 ግራም ወደ 15 ግራም ስኳር፣ አራት የሻይ ማንኪያ ገደማ አለው። ካሎሪው ወደ 300፣ ጠጣር የሚባለው ስብ 12 ግራም ነው፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የዚህ ስብ ጣሪያ 22 ግራም ስለሆነ ከግማሽ በላዩ በቸኮሌት ብቻ አለቀ። የይዘት ዝርዝር በክብደት ቅደም ተከተል ስለሚጻፍ ስኳር መጀመሪያ ላይ ካለ መጠቅለያው ምንም ይበል ምን ጣፋጭ ከረሜላ ነው። የፓልም ዘይት ካለበት ደግሞ ለኬክ መሸፈኛ የሚሆነው ኮምፓውንድ የሚባለው ነው፤ ካካዎውም ትንሽ ነው።

12ኛው ስለ ስቡ ተቃወመ፦ ከካካዎ ቅቤ ሲሶው ስቴሪክ አሲድ ነው፣ እሱ ደግሞ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ አያደርግም፤ ከበሬ ሞራ ጋር እኩል አይቆጠርም። እውነት አለው። ነገር ግን ሩቡ ያህል ፓልሚቲክ አሲድ ነው፤ እሱ ከፍ ያደርጋል፤ ካሎሪው ደግሞ ሁለቱም ላይ ያው ነው። ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ክሩ ላይ ማንም አልመለሰለትም።

13ኛዋ ከጥቅሉ ወጥታ ወደ ዱቄቱ ሄደች፤ ብዙ ሰው የወደደላት መልስ ይህ ነው። ፍላቫኖሉን ለሚፈልግ ሰው ስኳርና ቅቤ ጨምሮ መግዛት ለምን? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 በቀን 200 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል የደም ሥርን የመለጠጥ ዐቅም ለመጠበቅ ይረዳል ሲል፣ ይህን መጠን ፍላቫኖሉ ከተጠበቀለት ዱቄት 2.5 ግራም ወይም ከእንዲህ ዓይነቱ ቸኮሌት 10 ግራም ይሰጣል ብሏል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ይበልጥ ቆጠበ፦ ፍላቫኖሉ ቢያንስ 4 በመቶ ለሆነ የካካዎ ዱቄት ብቻ፣ ማስረጃው በጣም ውስን ነው ከሚል ጽሑፍ ጋር ፈቀደ፤ ተራውን ዱቄትና ቸኮሌትን አላካተተም። ተራ ያልታከመ ዱቄት አንድ ዝርግ የሾርባ ማንኪያ 5 ግራም ነው፤ በ8ኛው ቁጥር ሲሰላ 170 ሚሊ ግራም አካባቢ ይሰጣል። በብዛት ከታከመው ያው ማንኪያ 20 እንኳ አይሞላም።

አሠራሩንም ጻፈች። ማንኪያው ዱቄት መጀመሪያ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ሊጥ ይለወሳል። ሙቅ ውሃ ቀድሞ የፈሰሰበት ይጓጉላል፤ የጓጎለው ከውጭ ይረጥብና መሐሉ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፣ ቢያማስሉትም አይፈታም። ሊጡ ከለሰለሰ በኋላ 200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ በቀጭኑ እየፈሰሰ ይማሰላል። ቀረፋ ቢገባበት መራራነቱን ያለዝባል፤ ስኳር ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥ። ሲቀመጥ ስለሚዘቅጥ እየማሰሉ ነው የሚጠጣው፤ አተላው ላይ የቀረውን መጣል ዋናውን መጣል ነው።

14ኛው ለጭማቂ ቤት ወዳጆች አንድ ማስጠንቀቂያ ጣለ። ካካዎ ከሙዝ ጋር በጁስ መፍጫ አይፈጭ። የተቆረጠ ሙዝን የሚያጠቁረው ኢንዛይም ፍላቫኖልንም ይበላዋል፤ በ2023 በታተመው የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ላይ ሙዝ ያለበት መጠጥ የጠጡ ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው ፍላቫኖል ብቻውን ከወሰዱት በ84 በመቶ ያነሰ ነበር። ስፕሪስ ጣፋጭ ነው፣ ካካዎውን ግን ለብቻው። 15ኛው ወተትም እንደዚያው ነው ብሎ በ2003 የታተመ ጥናት ጠቀሰ፤ ወዲያው ሌላ ሰው ኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ተመሳሳይ ነገር እንዳላገኙ አሳሰበው። በጾም የሚነሣ ክርክር አይደለም፤ ታለፈ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ብረቱ፣ የመለሳቸው 16ኛው ነው። ባለ 70 እስከ 85 በመቶ ቸኮሌት በ100 ግራም ወደ 12 ሚሊ ግራም ብረት አለው፤ 50ው 6 ይሰጣል፤ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት የሚመከረው በቀን 18 ነው። በወረቀት ላይ ሲሶ ነው። ችግሩ ይህ ከዕፀዋት የሚገኝ ብረት ነው፤ አንጀት ቆጥቦ ነው የሚወስደው፤ ካካዎው ራሱ ደግሞ ያስረዋል። በ1999 የታተመ ልኬት ላይ ከዳቦ ጋር ካካዎ የጠጡ ሰዎች የወሰዱት ብረት ውሃ ከጠጡት በ71 በመቶ ያነሰ ነበር። ግፊት ያወርዳል የተባለው ንጥረ ነገርና ብረቱን የሚያስረው ከአንድ ወገን ናቸው፤ ሁለቱን ጥቅም ከአንድ ጥቅል መጠበቅ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ነው።

17ኛው ላይ የጻፉት ዕድሜ የጠገቡ ሰው ይመስላሉ፤ ሁሉም አንቱ እያለ ነው የመለሰላቸው። ምሳ እንደተበላ ቡና መጠጣት ደም ያሳንሳል የሚባለው ያው ነገር መሆኑን አስታወሱ። የጾም ማዕድ ላይ ብረት አለ፤ ምስሩም ሽሮውም ጎመኑም አላቸው። ሰላጣው ላይ ሎሚ ቢጨመቅ፣ ቃሪያና ቲማቲም አብሮ ቢበላ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስገባል፤ ቡናው፣ ሻዩ፣ ቸኮሌቱ ደግሞ ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ። 18ኛዋ አክብራ ጨመረችላቸው፦ ደም ማነስ የጠረጠረ ሰው የደሙን መጠን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢንና የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን ያስለካ፤ ማነሱ ከደም መፍሰስ ወይም ከሆድ ትል ከሆነ ቸኮሌትም ሎሚም አይደርስለትም።

ሦስተኛው ጥያቄ ክሩን ሊያፈርሰው ነበር። 19ኛው በሰላም ነው የጀመረው፦ ጥቁር ሁሉ የጾም አይደለም። ዝርዝሩ ላይ የወተት ዱቄት፣ የወተት ስብ፣ የቅቤ ዘይት፣ ላክቶስ ወይም ዌይ የሚሉ ቃላት ይፈለጉ፤ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ የወተት ስብ የሚገባው ቀለል እንዲልና ነጭ እንዳያወጣ ነው። ማዋሐጃው ሌሲቲን ግን በአብዛኛው ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ ነው፤ አያስፈራም። 20ኛው የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2015 ያወጣውን ፍተሻ አመጣ፦ ከ100 ጥቁር ቸኮሌቶች ወተት አለበት ብለው የጻፉት 6 ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት 94 ውስጥ ወተት ያልተገኘባቸው 33 ብቻ። የወተቱ ቸኮሌት ያለፈበት ማሽን ላይ ጥቁሩ ስለሚቀጥል ቅሪቱ ይገባል፤ ውሃ ደግሞ ቸኮሌትን ስለሚያበላሽ ማሽኑ በውሃ አይታጠብም።

21ኛው ተቆጣ። ጾም ላቦራቶሪ አይደለም፣ ሳያውቅ የማሽን ቅሪት የበላ ሰው አልፈሰከም፣ እናንተ የምትቆጥሩት ግራም እንጂ ጾም አይደለም አለ። 22ኛዋ ከእስራኤል ትጽፋለች፤ ንዴቱን ሳትነካ ነገሩን ለሁለት ከፈለችው። ለጾም የሚሆን ቸኮሌት ለሚፈልግ እዚያ ፓርቬ የሚል ምልክት ያለበትን ማንሣት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ወተትም ሥጋም በይዘቱ አልገባም ማለት ነው። የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ፓርቬ አይበቃም፤ ቅሪት ሊኖር ስለሚችል አለርጂን ለይቶ የሚናገረውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ያኛው የኅሊና ጉዳይ ነው፣ ይህኛው የትንፋሽ። 23ኛው ሒሳቡን ሠራ፦ 55 ቀን በ50 ግራም 2,750 ግራም፣ ማለትም 28 ጥቅል ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ 16,500 ካሎሪ፤ ይህን ከጾመ ሥጋውን ሳይሆን ሻንጣውን ነው ያቀለለው ብሎ አፌዘ። አወያዩ ገብቶ የጾም ሥርዓት ክርክር ሌላ ክር ላይ ይሁን ብሎ አራት መልስ ሰረዘ፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

24ኛው ማንም ያልጠየቀውን አነሣ፤ መነሣት ግን ነበረበት። ካካዎ ዛፉ ካድሚየም የተባለውን መርዛማ ብረት ከአፈሩ በሥሩ ይስባል፤ የላቲን አሜሪካ አንዳንድ አፈሮች ላይ ይበዛል። እርሳስ የተባለው ሌላው መርዛማ ብረት ደግሞ በአብዛኛው ከለቀማ በኋላ፣ ፍሬው ደጅ ሲሰጣ ከአቧራው ይለጠፍበታል። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካው የሸማቾች ድርጅት ኮንሱመር ሪፖርትስ 28 ጥቁር ቸኮሌት አስመርምሮ ሁሉም ላይ ሁለቱን አገኘ፤ 23ቱ በቀን 28 ግራም ያህል ቢበሉ ቢያንስ በአንዱ የካሊፎርኒያን ገደብ ያልፋሉ። 25ኛው ማስፈራራት ነው ብሎ ተነሣ፦ የካሊፎርኒያ የእርሳስ ገደብ በቀን 0.5 ማይክሮ ግራም የሆነው ጉዳት ያላሳየው መጠን ለ1,000 ተካፍሎ ነው፤ ያንን ማለፍ መመረዝ አይደለም። 24ኛው በአውሮፓው ቁጥር መለሰለት። ካካዎው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ቸኮሌት የተፈቀደው ካድሚየም በኪሎ እስከ 0.8 ሚሊ ግራም ነው። ገደቡ ላይ የደረሰ ቸኮሌት 50 ግራሙ 40 ማይክሮ ግራም ይሰጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት የሚታገሡት በኪሎ ክብደት 2.5 ማይክሮ ግራም፣ በቀን ሲመነዘር 21 ነው፤ ያውም ከእህልና ከአትክልት የሚመጣውን ጨምሮ። 10 ግራም ቢሆን 8 ብቻ ነው። ሁሉም ጥቅል ገደቡ ላይ አይደርስም፤ ለእርጉዝና ለሕፃናት ግን መጠን ማሳነስና የሚገዙትን ዓይነት ማፈራረቅ ይሻላል። 25ኛው ከዚህ በኋላ አልመለሰም።

በመሐል የወዳደቁ ነገሮችም አሉ። ማታ የበላ እንቅልፍ ቢያጣ አይገረም፣ 50 ግራሙ ወደ 40 ሚሊ ግራም ካፌይንና 400 ሚሊ ግራም የካፌይን ዘመድ የሆነው ቲዮብሮሚን አለው የሚል፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 25 ግራሙ እንኳ ማስታወክና መቁነጥነጥ ሊያመጣ ስለሚችል ጠረጴዛ ላይ አይተው የሚል።

ጠያቂዋ በ26ኛ ቁጥር ተመለሰች። ትእዛዙን ወደ አራት ጥቅልና አንድ ያልታከመ ዱቄት ዝቅ አድርጋለች፤ በቀን አንድ ቁራጭ፣ 10 ግራም፣ ከምሳ አርቃ። የቀራት ጥያቄ ባለፈው ዙር የመጣው ላይ ነጭ ነገር ስለታየ ሻግቷል ወይ የሚል ነው።

27ኛው የመጨረሻው ነው፤ የመለሰው ያው 8ኛው ሰውዬ ነው። ሻጋታ ጠጉር አለው፤ ያልተጠጎረ ነጭ ሽፋን ሁለት ዓይነት ነው። ጣት ሲያሹበት የሚቀልጠው የካካዎ ቅቤው ነው፤ ሻንጣው ሙቀት ላይ ሲቆይ 34 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ወደ ላይ ወጥቶ የረጋ። ሻካራ ሆኖ ጣት ላይ የማይቀልጠው ስኳሩ ነው፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ሲከፈት ላብ ይዞት ስኳሩን ያወጣው። ሁለቱም ይበላሉ፤ የጠፋው ውበቱና ሲቆረስ የሚሰማው ድምፅ ነው። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ደረቅ ቁም ሣጥን ይበቃዋል፤ ፍሪጅ የግድ ከሆነ አየር በማያስገባ ዕቃ ገብቶ፣ ሲወጣ ክፍሉን እስኪመስል ሳይከፈት ይቆያል። መልኩን መመለስ የፈለገ የሞቀ ውሃ ላይ በተቀመጠ ደረቅ ሳህን እስከ 45 ወይም 50 ዲግሪ ያቅልጠው፣ እያማሰለ እስከ 27 ወይም 28 ያቀዝቅዘው፣ መልሶ 31 ወይም 32 ያድርሰውና ያፍስሰው። እንፋሎቱ ጠብታ ውሃ ከጣለበት ወዲያው ጓጉሎ አሸዋ ይመስላል። ያኔ መታገል የለም፤ ሙቅ ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ እስኪለሰልስ ማማሰልና የ13ኛዋን መጠጥ ማድረግ ነው።